ሦስት አሮጌ መኪና በአንድ ተሳቢ? መጀመሪያ የበሩን ተለጣፊ አንብብ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከሎስ አንጀለስ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ልንዛወር ነው። ሦስት አሮጌ መኪኖች አሉኝ፤ የ1967 ቮልስ፣ የ1965 ሙስታንግ እና ከአባቴ የቀረ የ1979 ማርቼዲስ 240ዲ ናፍጣ። ማርቼዲሱ አራት ዓመት ሙሉ አልተነሳም፤ ሌሎቹ ይሠራሉ። 11,000 ፓውንድ ይስባል ተብዬ የገዛሁት ፎርድ ኤፍ-150 ፒክአፕ አለኝ። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ 1,560 ፓውንድ ይላል፤ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። አንድ ሰው ሦስት መኪና የሚጭን ተሳቢ ሊሸጥልኝ ነው፤ ባዶውን 6,500 ፓውንድ ይመዝናል ብሎኛል። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ልውሰድ? ካልሆነስ ሁለት ተሳቢ አከታትዬ መጎተት ይቻላል? ባለቤቴና የስምንት ዓመት ልጃችን አብረውኝ ይጓዛሉ።»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። አላንጠልጥልህ፤ በዚህ ፒክአፕ ሦስቱን መውሰድ አይሆንም፣ ሁለቱንም ባትሞክረው እመርጣለሁ። ቮልሷን አንተ ጎትት፤ ሙስታንጉንና ማርቼዲሱን ፈቃድና ኢንሹራንስ ላለው መኪና ጫኝ ስጥ። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ አብረን እናስላው። ስሌቱን ከያዝከው ነገ ሌላ ተሳቢ ሊሸጥልህ የሚመጣ ሰው አያሞኝህም።

ያልገባችህ 1,560 የምትለው ቁጥር ከሁሉም የምትበልጠው ናት። 11,000 ሞተሩና ፍሬኑ ከኋላ ተያይዞ የሚንከባለለውን ያህል ነው። 1,560 ደግሞ የመኪናው ጀርባ፣ ባሌስትራና ጎማ የሚሸከሙት ነው፤ አንተ፣ ባለቤትህ፣ ልጅህ፣ ሻንጣው፣ እንዲሁም የተሳቢው አፍንጫ መሳቢያው (ፒክአፑ ላይ ተሳቢው የሚያያዝበት ብረት) ላይ የሚጫነው ክብደት ሁሉ ከዚያች ቁጥር ላይ ይቀነሳል። ሻጭ የሚያወራልህ ስለ መጀመሪያዋ ነው። ሁለተኛዋን በሩን ከፍተህ ራስህ ካላነበብካት የሚነግርህ የለም።

አሁን እንደምር። ቮልሷ ወደ 1,800 ፓውንድ ናት፤ ሙስታንጉ እንደ ሞተሩ ይለያያል እንጂ 2,750 ብንይዝለት አንሳሳትም፤ ማርቼዲሱ ወደ 3,200 ነው። ሦስቱ አንድ ላይ 7,750 ሆኑ። ተሳቢው 6,500 ሲጨመርበት 14,250። ገና መኪናው ውስጥ ሳትገቡ 11,000 አልፏል። ሦስት መኪና የሚጭን ረጅም ተሳቢ አብዛኛውን ጊዜ ጉዝኔክ ነው፤ ማለትም በፒክአፑ ጀርባ መሐል፣ ከኋላ አክስሉ በላይ የሚታሰር። የእሱ አንገት ከጠቅላላው ክብደት አንድ አምስተኛውን ያህል ጀርባህ ላይ ያሳርፋል፤ 2,850 ፓውንድ ማለት ነው። ከተፈቀደልህ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው።

ሁለቱስ? ቮልሷና ሙስታንጉ 4,550 ናቸው፤ ሁለት መኪና የሚጭን ተሳቢ 4,000 ብንል ድምሩ 8,550 ይመጣል። «ይኸው ከ11,000 በታች ነው» ትለኛለህ፤ እውነትህን ነው። ወደ በሩ እንመለስ። ከዚህ ውስጥ 12 በመቶው መሳቢያው ላይ ይጫን፤ 1,026። ከ1,560 ስትቀንሰው 534 ይቀርሃል። አንተ 185፣ ባለቤትህ 150፣ ልጁ 70 ፓውንድ ብላችሁ ብትቀመጡ 129 ተረፈ። በዚህ ክብደት የጭነት ማከፋፈያ ብረት (የአፍንጫውን ጭነት ወደ ፊት ጎማዎችም የሚያካፍል) የግድ ነው፤ እሱ ራሱ 100 ያህል ይመዝናል። ቀሪው 29 ፓውንድ ነው። የውሃ ካርቶንና አማትህ የቋጠሩላችሁን ዳቦ ቆሎ ስታስገባ አለቀ። በወረቀት የሚያልፍ በመንገድ ግን ትንፋሽ የሌለው ጭነት ማለት ይሄ ነው። በዚህ ላይ ያ ረጅም ተሳቢ በቴክሳስ ሜዳ ነፋስ ከጎን ሲመታው አስበው። ብቻዬን ብሆን እንኳ አላደርገውም፣ ልጅ ይዤማ ጨርሶ።

አንዱን ብቻ እንይ። ዩ-ሆል የሚያከራየው ባለ ሁለት አክስል መኪና መጫኛ ባዶውን 2,210 ፓውንድ ነው፤ እስከ 5,290 ይሸከማል። ቮልሷ ስትወጣበት 4,010። መሳቢያው ላይ ከ400 እስከ 500 ታሳርፋለህ፤ ቤተሰብህንም ሻንጣህንም ይዘህ ሰፊ ቦታ ይቀርሃል። «እሺ፣ የማይነሳውን ማርቼዲስ ብጎትትስ?» እንደምትል ጠብቄያለሁ፤ የአባት ዕቃ ነውና ልብህ እሱ ጋ ነው። ግን እሱ ሲጫን 5,410 ይሆናል። በርከት ያሉ ኤፍ-150ዎች መሳቢያቸው ሥር የተለጠፈችው ምልክት፣ ያለ ጭነት ማከፋፈያ ከ5,000 ፓውንድ ጠቅላላ ክብደትና ከ500 የአፍንጫ ጭነት በላይ አትፍቀድ ትላለች። ጎንበስ ብለህ የአንተን አንብብ። ቮልሷ ከዚያ ሥር ናት፣ ማርቼዲሱ በላይ ነው።

ሁለት ተሳቢ ማከታተልማ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አንዳንድ የምዕራብ ግዛቶች በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዱታል፤ ወደ ምሥራቅ ስትመጣ የማይፈቅዱት ይበዛሉ። አንተ የምታቋርጠው አገሩን በሙሉ ነው፤ ስለዚህ በጣም ጥብቅ የሆነው ግዛት ሕግ ነው የአንተ ሕግ። ደግሞም ሁለተኛውን ተሳቢ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም ብትል ያስኬዳል። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ተቀርቅረህ ከመሐል መፍታት ትጀምራለህ።

አንድ ነገር ደግሞ መምጣቱ ስለማይቀር አስቀድሜ ልንገርህ። ከኋላ ጥንድ ጎማ ባለው ፒክአፕ ጉዝኔክ የሚጎትቱ፣ ሆትሾት የሚባለውን የፒክአፕ ጭነት ሥራ የሚሠሩ ወንድሞቻችን ብዙ ናቸው። አንዱ ቡና ላይ ጉዳይህን ይሰማና «የነዳጄን ብቻ ቻለኝ፣ ሦስቱንም አደርስልሃለሁ» ይልሃል። ልቡ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰው የራሱን ዕቃ ያለ ክፍያ ሲያጓጉዝ በፌዴራል ሕግ አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ ሲቀበል ሌላ። ገንዘብ ከገባበት ንግድ ነው፤ ፒክአፑና ተሳቢው ተደምረው የተፈቀደላቸው ክብደት 10,001 ፓውንድ ከደረሰ የዶት (የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥርና የሕክምና ካርድ ይጠየቃል፤ ድምሩ 26,001 ሲሞላና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 በላይ ከሆነ ሲዲኤል፣ ማለትም የንግድ መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ የሚቆጠረው በዕለቱ የተጫነው ክብደት ብቻ አይደለም፣ ፋብሪካው የፈቀደው ጣሪያም ነው። 14,000 የተባለ ፒክአፕ 14,000 ከተባለ ተሳቢ ጋር ባዶውንም ቢሄድ 28,000 ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ የግል ጭነት ብትይዝም ተሳቢህ ከ10,000 በላይ ከተፈቀደለት ክፍል ኤ መንጃ ፈቃድ ትጠይቅሃለች። አደጋ ሲመጣ የግል ኢንሹራንሱ «ለክፍያ ሲሠራ ነበር» ብሎ እጁን ይሰበስባል። ያኔ ነው የአህያ ባል ከጅብ የማያስጥለው።

አሁን ወደ ቮልሷ። በነገራችን ላይ 1967ቱን ለምን እንደመረጥክ የገባኝ ይመስለኛል። ፈረንጅ ያቺን ዓመት የሚወዳት ለአሜሪካ ገበያ የመጣችው ቮልስ በዚያ ዓመት ወደ 12 ቮልት፣ ወደ 1500 ሞተርና ወደ ሁለት መስመር ፍሬን ስለተሸጋገረች ነው። የእኛ ሰው 1967 እና ቮልስን አንድ ላይ ሲሰማ ግን የሚያየው ሌላ ነው፤ መስከረም 2 ቀን፣ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ደጃፍ፣ ጃንሆይ ጎንበስ ብለው ከኋላ ወንበር ሲገቡ። የዘመን አቆጣጠሩ ቢለያይም ቁጥሩ መግጠሙ ይገርማል። ወደዚያ የኋላ ወንበር እመለስበታለሁ፣ ከሥሩ ጉድ አለ።

ተሳቢ ሚዛኑን ሲስት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደብረ ዘይት ወይ ናዝሬት ጋሪ የተሳፈረ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሦስት ወፍራም ሰው ከኋላ ከተቀመጠ የጋሪው እንጨት ፈረሱን ከሥር ያነሳዋል፤ ባለ ጋሪው «እስኪ አንዳችሁ ወደፊት» የሚለው ለዚህ ነው። እንጨቱ የፈረሱን ጀርባ ትንሽ መጫን አለበት። ተሳቢም እንደዚያው ነው። ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው መሳቢያው ላይ ካላረፈና ኋላው ከከበደ፣ ከ50 ማይል በላይ ስትሄድ መወዛወዝ ይጀምራል፤ አንዴ ከጀመረ ነዳጁን ካልለቀቅክ እየሰፋ ይሄዳል እንጂ አይበርድም።

ቮልስን ደግሞ ልዩ የሚያደርጋት ሞተሯ ከኋላ መሆኑ ነው። ከመቶው 60 ያህሉ ክብደቷ የኋላ ጎማዎቿ ላይ ነው። ሰው እንደ ማንኛውም መኪና ፊቷን አስቀድሞ ጠፍጣፋ ተሳቢ ላይ ይነዳታል፣ መሐል ላይ ያቆማታል፣ ዓይኑ ሲያያት ቆንጆ ተቀምጣለች። ግን ክብደቱ በሙሉ ወደ ተሳቢው ጅራት ሄዷል። በራስህ ጠፍጣፋ ተሳቢ ቢሆን ኖሮ በኋላ ማርሽ አስገባት፣ ወይ እስከ ጫፍ ድረስ ወደፊት ግፋት እልህ ነበር። የኪራዩ ላይ ግን የፊት ጎማ ማቆሚያው ቦታው የተወሰነ ነው፤ የቮልስ ማጠር እዚህ ላይ ይክሳል። በፊትና በኋላ ጎማዋ መካከል ያለው ርቀት 94 ኢንች ተኩል ነው፤ የማርቼዲሱ 110 ይሆናል። ስታሰላው የቮልሷ ከባዱ ነጥብ ከፊት ጎማዋ ወደ 57 ኢንች ላይ ያርፋል፤ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል ለእኩል ቢሆን የማርቼዲሱ 55 ላይ ነው። አንድ ቦታ በለው። ስለዚህ ፊቷን ወደፊት አድርገህ እስከ ማቆሚያው ድረስ አስጠጋት፣ አንዲት ስንዝር ወደ ኋላ አታስቀራት።

ይህን ሁሉ በግምት አታድርገው። የከባድ መኪና ማደያዎች ውስጥ ካት ስኬል የሚባለው ሚዛን አለ፤ የፊት አክስልህን፣ የኋላ አክስልህንና የተሳቢውን ለየብቻ መዝኖ ወረቀት ይሰጥሃል። ባለቤትህና ልጅህ ተቀምጠው፣ ሻንጣው ተጭኖ፣ ተሳቢው ተያይዞ መጀመሪያ ተመዘን። ከዚያ ዞር ብለህ ተሳቢውን ፍታና ፒክአፑን ብቻ መዝን። የፒክአፑ ክብደት በመጀመሪያው ጊዜ በስንት በልጦ ነበር? የበለጠው የአፍንጫው ጭነት ነው። ለአንተ ከ400 በታች ከሆነ ቮልሷ ወደፊት አልተጠጋችም ማለት ነው፤ ከ500 ከበለጠ የመሳቢያውን ምልክት እንደገና እናያለን። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። መኪና መጫን ሥራዬ ሆኖ እንኳ እኔ አዲስ ጭነት ስይዝ አልዘለውም።

ስለ ማሰር የደረሰብኝን ልንገርህ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን የ1964 ቮልስ ከአሪዞና ለአንድ ሰው ይዤ ስሄድ፣ የኋላውን በመንጠቆ ቀበቶ አክስሉን አንቄ አሰርኩት። ቀበቶው ጠበቅ ብሏል፣ መኪናዋ አትንቀሳቀስም፣ ደስ ብሎኛል። ደርሼ መወጣጫውን ዘርግቼ፣ ውስጥ ገብቼ፣ ቀበቶዎቹን ስላስፈታኋቸው ቀስ ብላ ወደ ኋላ ጀመረች። ፍሬን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ገመዱ የላላ ነበር። ባለቤቱ ጓሮ በር ላይ ቆሞ እያየኝ መኪናዋ በዝግታ ተንከባላ ከቆሻሻ ገንዳው ጋር ተሳሳመች። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። በአክስሉ ቧንቧ ላይ ተለጥፋ የምትሄደውን ቀጭን የፍሬን ቱቦ መንጠቆው ጨፍልቋት ኖሯል። እስከ 1966 ያለችው ቮልስ ደግሞ ፍሬኗ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ ባዶ ነው። የአንተዋ ሁለት መስመር ስላላት በዚህ ትሻላለች። ቱቦዋ ግን ያው ቀጭን ቱቦ ናት።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ መኪና የማስረው በጎማው ላይ ብቻ ነው፤ ቀበቶው ጎማውን ከላይ አቅፎ ከተሳቢው ወለል ጋር ይይዘዋል። በሻንሲ ወይም በአክስል ስታስር መኪናው በየጉድጓዱ በራሱ ሞላ ይነጥራል፣ ሲነጥር ቀበቶው ይላላል። ጎማውን ስትይዝ ግን አካሉ እንደፈለገ ይተንፍስ፣ ጎማው ከወለሉ አይነሳም። ኪራዩ የሚሰጥህ ሁለት የፊት ጎማ ቀበቶና ሰንሰለት ነው፤ ለእሱ መመሪያውን ተከተል። በሌላ ተሳቢ ከሆነ አራት ቀበቶ፣ አንድ ለአንድ ጎማ። ባለ ሁለት ኢንቹ ቀበቶ ላይ 10,000 የሚል ቁጥር ካየህ የሚበጠስበት ነው፤ የሚሠራበት 3,333 ነው። ፓራውልት ላይ ግን በምንም አታስር፤ የቮልስ ፓራውልት ለውበት የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ወንበሩ። የቮልስ ባትሪ ከዚያ ወንበር ሥር ነው፣ በቀኝ በኩል። የወንበሩ ሽቦ ሞላ ከላይ ክብደት ሲያርፍበት የባትሪውን ጫፍ ይነካና ይያያዛል፤ በዚህ የተቃጠለች ቮልስ አንድና ሁለት አይደለችም። ቤት የሚቀይር ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ አያስችለውም፤ የድስቱን ካርቶን፣ የመጽሐፉን ካርቶን ኋላ ወንበር ላይ ይደረድራል። አንተ አታድርገው። የባትሪውን ገመድ ፍታ፣ በላዩ የላስቲክ ክዳን አድርግ፣ ወንበሩን ባዶ ተወው። ቤንዚኑ ሩብ ያህል ይበቃል፤ የቤንዚን ታንከሩ ከፊት ኮፈኑ ሥር ስለሆነ ሞልተህ መወጣጫ ላይ ስታዘነብላት በክዳኑ ሊንጠባጠብ ይችላል። ቀለሟን ከአቧራ ላድን ብለህ ሸራ እንዳታለብሳት፤ ነፋሱ ሸራውን እያርገበገበ 2,700 ማይል ሙሉ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲፍቃት ይውላል። አቧራ በውሃ ይለቃል።

ጎማ ላይ አጭር ልሁን። የተሳቢ ጎማ የሚሞተው ጥርሱ አልቆ ሳይሆን አርጅቶ ነው። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች እይ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ኤስቲ የሚል የተሳቢ ጎማ የተለየ ምልክት ከሌለው ለ65 ማይል ፍጥነት እንጂ ከዚያ በላይ አልተሠራም። ነፋሱን ጠዋት ሳይሞቅ ለካ። በየማረፊያው ደግሞ ወርደህ ተሳቢውን ዙረው፤ የእጅህን ጀርባ ወደ ጎማው እምብርት አስጠጋ። አንዱ ከሌሎቹ በተለየ የሚፋጅ ከሆነ ኩሽኔታው ወይ ፍሬኑ ይዟል፤ ከዚያ ወዲያ አትሂድ፣ ደውል። የመጀመሪያው ፍተሻ ከቤትህ 25 ማይል ሳትርቅ ይሁን። ቀበቶ የሚላላው ያን ጊዜ ነው።

መንገዱን በአይ-40 አድርገው። በአይ-15 ካሆን ፓስን ወጥተህ ባርስቶው ላይ አይ-40ን ትይዛለህ። በዴንቨር በኩል በአይ-70 ያለው ውብ ነው፣ ግን አይዘንሃወር ዋሻ 11,000 ጫማ ላይ ነው፤ ተሳቢ ይዘህ ለውበት አትሄድም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሳቢ ለሚጎትት ሁሉ ጣሪያው 55 ማይል ነው፤ ሌላው ሲያልፍህ አትናደድ። በበጋ ከሆነ የምትነሳው ኒድልስን ሙቀቱ ሳይበረታ ለማለፍ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ውጣ፤ በረሃው ጎማ ይቀቅላል። ከኪንግማን በኋላ ዳገቱ ይመጣል፤ ፍላግስታፍ 2,100 ሜትር ላይ ናት፣ አዲስ አበባን ልትስተካከል ጥቂት ነው የሚቀራት። አልበከርኪን አልፈህ ቲሄራስ ዳገት ሌላ ነው። አማሪሎ አካባቢ ግን ተራራ የለም፣ ነፋስ ነው ያለው። ማስጠንቀቂያ ከወጣ ሆቴል ግባና እደር፤ ቀን ብታጣ ነው። ቴነሲ ውስጥ ከኖክስቪል በፊት ከከምበርላንድ አምባ መውረጃው ረጅም ነው። ከዚያ ዳንድሪጅ አጠገብ ወደ አይ-81 ስለምትታጠፍ፣ በ2024 ሄለን የተባለው አውሎ ነፋስ ያፈረሰው የአይ-40 ክፍል አያገኝህም። አይ-81 በከባድ መኪና የተጨናነቀ ነው፤ በቀኝ መስመር ተረጋግተህ ሂድ። በቀን 450 ማይል ያህል ብትል ስድስት ቀን ነው። በአራት ቀን ደረስኩ የሚልህን ሰው አትስማ።

ቁልቁለት ላይ ማርሹን ወደ ታች አውርደህ ሞተሩ ይያዝልህ፤ ፍሬኑን ረገጥ፣ ለቀቅ፤ ረግጠህ ከቆየህ ሸራው ይሞቅና ያንሸራትታል። ተሳቢው መወዛወዝ ቢጀምር እግርህ ወደ ፍሬን ይሮጣል፤ አትስማው። ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ እንዲበርድ ጠብቅ። የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ተሳቢ ቢሆን ኖሮ ተሳቢውን ብቻ በእጅ መያዝ ትችል ነበር። የኪራዩ ፍሬን ግን ሲገፋ ብቻ የሚይዝ ነው፣ እጅህ ላይ ምንም የለም። ከበረደ በኋላ ቁምና ለምን እንደተወዛወዘ ፈልግ።

የቀሩትን ሁለቱን በተመለከተ፦ የሚጭንልህ ሰው የዶት ቁጥሩን ይስጥህ፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ፈቃዱ እየሠራ መሆኑን ራስህ በነጻ ታያለህ። ደላላ ከሆነ ደላላ ነኝ ይበል፤ መኪናውን የሚነካው ሌላ ሰው ነውና የዚያን ሰው የኢንሹራንስ ወረቀት ጠይቅ፣ ለአንድ መኪና እስከ ስንት እንደሚከፍልም አንብብ። ማርቼዲሱ እንደማይነሳ አስቀድመህ ተናገር። ደብቀህ በዕለቱ ካወቁ መጎተቻ ዊንች የለንም ብለው ጥለውህ ይሄዳሉ ወይ ዋጋውን ሰማይ ይሰቅሉታል። ጎማው ይዞራል? መሪው ይታጠፋል? ፍሬኑ ይይዛል? እነዚህን ሦስቱን ነው የሚጠይቁህ፤ አሁኑኑ ሄደህ ገፋ አድርገው። አራት ዓመት የቆመ መኪና የፍሬን ሸራው ከከበሮው ወይም ከዲስኩ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ካሜራህን ይዘህ ዙሪያውን፣ ጣሪያውን፣ የማይሉን ቁጥር አንሳ፤ የጭነት ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ጭረት ሳታነብ አትፈርም፤ አሌክሳንድሪያ ላይም በጨለማ አትረከብ።

ስትደርስ ቮልሷን ከማውረድህ በፊት፣ ቀበቶው እንደታሰረ፣ ውስጥ ገብተህ ፍሬኑን ሦስቴ ርገጥ። ፔዳሉ ጠንክሮ ከቆመ ባለቤትህ ከኋላ ሳይሆን ከጎን ቆማ ትምራህ፣ ከዚያ ፍታት። ከመነሳትህ በፊት ደግሞ የመሳቢያህን ምልክት ፎቶና የሚዛኑን ወረቀት ላክልኝ፤ ቁጥሮቹን አብረን እናያቸዋለን።